የተረፈለት ዜማ

ባለቤቴ ከታመመ በኋላ የቀረችው ቃል አንዲት ናት፤ «እንትን»። ውሃ ሲጠማው «እንትን» ይላል። ጋቢው ከትከሻው ሲንሸራተት «እንትን» ይላል። እኔን ሲጠራም ያው ነው። ሌላ ሰው ሲሰማው ሁሉም አንድ ይመስለዋል፤ እኔ ግን በድምፁ እለየዋለሁ። የውሃው ወደ ላይ ይወጣል፤ የጋቢው ቁጣ አለበት፤ የእኔው ዝቅ ያለ ነው።

ድሮም ንግግር የሚያበዛ ሰው አልነበረም። የሚያበዛው ዜማ ነበር። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ ነው የኖረው። ልጅ ሳለ የቆሎ ተማሪ፣ ኋላም ዲያቆን ስለ ነበር፣ እግሩ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ አፉ የቅዳሴ ዜማ ያንጎራጉራል። ፔዳሉ ሲቆም ዜማውም ይቆማል። ደንበኞቹ «የእሱ ሱሪ ተቀድሶበት ነው የሚመጣው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ዲቁናው የቀረው በእኔ ምክንያት ነው። እኔ በልጅነቴ ተድሬ፣ ትዳሩ ሳይሆን ቀርቶ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ፣ ትምህርት ቤት የገባሁ ፈት ነበርኩ። ዲያቆን ፈት ካገባ ክህነቱ ይፈርሳል። ይህን እኔም አውቅ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ሽማግሌ ልኮ በሰማንያ፣ ማለት በውል፣ ተጋባን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እሱ የሚቆመው እንደ ማንኛውም ምእመን ውጭ ከጥዱ ሥር ነው። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

በእኛ አገር በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ድረው፣ ዕድሜ ሲገፋ ይቆርባሉ። ንስሐ ይገባሉ፣ የንስሐ አባታቸው የሚሰጧቸውን ቀኖና ይፈጽማሉ፣ ከዚያ ነጭ ለብሰው አብረው ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ። ከዚያ ወዲያ መፋታት የለም። አንዱ ቀድሞ ቢሞት የቀረው ሌላ አያገባም። እኔ ይህን እፈልግ ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ ሊገባ፣ የፍልሰታ ጾም ሲቃረብ፣ «ዘንድሮስ?» እለዋለሁ።

«ለከርሞ ይሁን፤ ኃጢአቴን ገና አልጨረስኩም» ይለኛል።

አብሬው እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ሌላ ነገር አስባለሁ። መቅደሱ ፊት ከእኔ ጋር መቆም የተወውን ያስታውሰው ይሆን? የተወላትን ሴት እንደገና ከመምረጥ ዝም ብሎ መኖር ይሻለው ይሆን? መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አልጠየቅሁም። ባለፈው ፋሲካ ነገሩን ሳነሣበት «ዘንድሮ እናያለን» አለኝ። እሺም አላለም፤ እንቢም አላለም። ግንቦት ላይ ታመመ።

ጠዋት ነበር። የጨርቅ ሱቁ ባለቤት ደወለና «እማማ፣ ቶሎ ይምጡ፤ አባባ ወንበራቸው ላይ ዘንበል ብለዋል» አለኝ። ስደርስ እጅጌው በግማሽ የተሰፋ ሸሚዝ ከመርፌው ሥር እንደ ተያዘ ነበር። ሆስፒታል ስንገባ የጭንቅላቱ ደም ሥር ተዘግቷል፣ ስትሮክ ነው አሉን። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ደከሙ፤ ንግግሩ ጠፋ። በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር ወደ ባሕር ዳር መውሰድ አልተቻለም። ርቀው የሚኖሩት ልጆቻችን በስልክ ያለቅሳሉ፤ እኔ «በልቷል፣ ተኝቷል» እላቸዋለሁ። እያደር በግራ እጁ መብላትና ተደግፎ መቀመጥ ሲችል ቤቱ ገባ።

የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት መጡ። በዕድሜ ከሁለታችንም ያንሳሉ፤ ግን የነፍስ አባት ናቸውና «ልጆቼ» ይሉናል። ውሃ ጠጥተው ከተቀመጡ በኋላ ነገሩን አነሣሁ።

«አባታችን፣ ዘንድሮ ለፍልሰታ እንቆርባለን የሚል ሐሳብ ነበረኝ።»

«እሱስ?»

«‹እናያለን› ብሎኝ ነበር።»

«እስቲ ራሱን ልጠይቀው» አሉና ወንበራቸውን ወደ አልጋው አስጠጉ። «ልጄ፣ ንስሐ ልትገባ ትፈልጋለህ?»

ባለቤቴ ራሱን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቀ። ደስ አለኝ።

«መልካም። በሐሰት መስክረህ ታውቃለህ?»

ነቀነቀ።

«የሰው በሬ ነድተሃል?»

ነቀነቀ።

«ሰው ገድለሃል?»

ነቀነቀ። አባታችን ቀና ብለው አዩኝ። እኔም አየኋቸው።

«እኔንስ አምተኸኛል?»

ነቀነቀ።

«ይኼስ እንኳ እውነት ሳይሆን አይቀርም» አሉ። ሁለታችንም ሳቅን። እሱም በግራው አፉ አብሮን ሳቀ። ከዚያ አባታችን ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ «ይህችን ሚስትህን እስከ ሞት ትፈልጋታለህ?» አሉት። ነቀነቀ። ጥቂት ቆዩና «ልትፈታትስ ትፈልጋለህ?» አሉት።

ልክ በዚያው መልክ፣ በዚያው ፈገግታ ነቀነቀ።

ከቤት ሲወጡ በር ላይ ቆመው ነገሩኝ። «ሞት አፋፍ ላይ ቢሆን በእግዚአብሔር ምሕረት ፈትቼ አቆርበው ነበር። ግን ተመስገን፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። የእናንተ ቁርባን ደግሞ ለሁለት ሰው ነው፤ ማሰሪያ አለው። ፈቃዱን ሳላውቅ አላስረውም። አንቺንም አላስርሽም።»

«እንዴት ይታወቃል?»

«ምላሱን እግዚአብሔር ይፍታለት። እንጠብቅ» አሉኝ።

ሰኔ እንደ ገባ ታላቅ እህቱ ከእብናት መጡ። እኔን እታለም ብዬ ነው የምጠራቸው። እሳቸው ግን ካገባኝ ጀምሮ «ሙሽሪት» ይሉኛል፤ ፀጉሬ ሲሸብትም አልለወጡትም።

«ሙሽሪት፣ ሐኪም ቤት ወስደሽው ምን አገኘሽ?»

«ነፍሱን አተረፉልኝ፣ እታለም። ኪኒንም ሰጡት።»

«ነፍሱንስ ያተረፋት ባለቤቷ ነው። ኪኒኑ ምላሱን ፈታው?»

«አልፈታውም።»

«እንግዲያው ጸበል ይግባ። የመጥምቁን አባት ምላስ የፈታ የእኔን ወንድም አያቅተው።»

«ኪኒኑን ግን ይዘን ነው የምንሄድ።»

«ያዢው፤ ጸበሉ አያባርረው» አሉኝ።

እኔ ተአምርን የምጠራጠር ሰው አይደለሁም። የምሮጥለትም አይደለሁም። ልጅ ሆኜ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ተአምር ሲነበብ ቆሜ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዕውሩ አየ፣ ሽባው ተነሣ ይባልና ንባቡ ያበቃል። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ አባቴን «ሽባው በማግስቱ ምን አደረገ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ያደርጋል፣ እርሻው ሄደ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ተአምር በተነበበ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ማግስቱ ይሄዳል። ባለቤቴን ጸበል ስወስደውም የለመንኩት ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ የራሱን ቃል እንዲናገር፣ እሺ ወይም እንቢ እንዲል ነው።

ጸበሉ ከጋሳይ ወደ ጉና ተራራ በሚያወጣው መንገድ በኩል ነው። አገሩ ብርድ ነው፤ ውሃው ከአገሩ ይብሳል። በቆርቆሮ ከተሠራው የጸበልተኛ ማረፊያ አንድ ጥግ ሰጡን፤ ሰዎቹም ቦታ ለቀቁልን፣ ድርቆሽ አነጠፉልን። ኪኒኑን ጠዋት ከጸበል በኋላ እሰጠዋለሁ። እታለም ኪኒኑን በጸበል ካልዋጠው አሉ፤ ይሁን አልኩ።

በጸበል ቦታ የታወቀ ልማድ አለ። ሰው ላይ ያደረ መንፈስ ጸበሉ ሲያቃጥለው በሰውየው አፍ ይለፈልፋል፤ ስሙን ይናገራል፣ የት እንደ ያዘው ይናገራል፣ ለቅቄ ሄጃለሁ ብሎ ይምላል። ዝም የሚል ሰው ሲመጣ የዲዳ መንፈስ ነው ይባላል። በመጀመሪያው ጠዋት የሚያጠምቁት ካህን መስቀላቸውን ባለቤቴ ትከሻ ላይ አሳርፈው ጠየቁት።

«ማን ነህ?»

«እንትን።»

«ስምህን ተናገር!»

«እንትን።»

«የት ያዝኸው?»

«እንትን!» አለ፤ ይቺ የቁጣዋ ናት። ጋቢው ከነሸሚዙ ረጥቦ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ስሙን የሚደብቅ ነው» አለች አንዲት ሴት።

«ተንኮለኛ ነው። እንዲህ ያለው ከተማ የኖረ መንፈስ ነው» አለ ሌላው።

«እንትን የሚባል መንፈስ ደግሞ ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉ አንድ ሽማግሌ፤ አጠገባቸው ያሉት አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሳቁ። ካህኑ ጥያቄውን ደገሙት። ውሃውም ተጨመረ።

ሰው ፊት መናገር አልወድም። ግን ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። «አባታችን፣ መንፈስ አይደለም። የጭንቅላቱ ደም ሥር ነው። ቃል ጠፍቶበት ነው» አልኩ። ሕዝቡ ዞሮ አየኝ። እታለም ነጠላዬን ይዘው ወደ ኋላ ሳቡኝ። ካህኑ ግን ሰምተውኛል። አጎንብሰው ዓይኑን አዩ፤ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንሥተው ለቀቁት፤ እጁ ወደቀ።

«በሉ፣ ይኼ ደዌ ነው» አሉ። «ከእንግዲህ በጣሳ አናቱ ላይ ብቻ ጠብ አድርጉለት። አሁን ደረቅ ልብስ አልብሱት፤ ቶሎ!» የራሳቸውን ጋቢም አውልቀው ሰጡን። የእኔን ቃል አልናቁም፤ ይህን አልረሳም።

እሑድ ቅዳሴ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ጋቢ አጥፈን አስቀመጥነው። የካህናቱ ድምፅ በማጉያ ይሰማል። ካህኑ ሲሉ ሕዝቡ ይቀበላል። ከመካከል የባለቤቴ ግራ እግር መሬቱን መምታት ጀመረ። ፔዳል ሲረግጥ የማውቀው አመታት ነው። በርዶት መሰለኝና ጋቢውን እግሩ ላይ ጣል አደረግሁለት። እግሩ ከጋቢው ሥር ቀጠለ። ከዚያ ሕዝቡ «በከመ ምሕረትከ አምላክነ፣ ወአኮ በከመ አበሳነ» ብሎ ተቀበለ፤ አምላካችን ሆይ፣ እንደ ምሕረትህ ይሁን እንጂ እንደ በደላችን አይሁን ማለት ነው። ከጎኔ የማውቀው ድምፅ አብሮ ወጣ።

ቃሉ አልተሰበረም፤ አልጎደለም። መሳቢያው ላይ ሳበ፣ መጣያው ላይ ጣለ። ሲደገም ደገመ። ከታመመ ጀምሮ አንድ ሙሉ ቃል ሳልሰማ ቆይቼ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስሰማ፣ ያደረግሁት ነገር ቢኖር ነጠላዬን አጥብቆ መያዝ ነው።

እታለም እልልታቸውን አቀለጡት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ቅዳሴ ላይ መሆናችንን የሚገሥጽ ሰው እስኪመጣ ድረስ ያ ሁሉ ሰው ወደ እኛ ዞረ፤ ወጣቶቹ ስልካቸውን አወጡ። «ዲዳው ዘመረ!» ይባላል። ሰው እየመጣ ራሱን ይዳስሰዋል። እሱ ማንንም አላየም። ቅዳሴው እስኪያልቅ የሕዝቡን ሁሉ ተቀበለ።

ጸበል ቦታው ላይ ከቅዳሴ በኋላ የተፈወሰ ሰው ወጥቶ ይመሰክራል። «አባት ይመስክሩ» ተባለ። ሁለት ጎልማሶች ደግፈው ወደ ፊት ወሰዱት፤ ማይክሮፎኑን አፉ ሥር አደረጉለት።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር ያደረገልዎትን ይንገሩን።»

ሕዝቡን አየ። ከንፈሩን ሲያሰናዳ አየሁት፤ መናገር ፈልጎ ነበር። «እንትን» አለ። ማጉያው ለተራራው ሁሉ አሰማው።

አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አማተበ። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ «ከቤታቸው የማያምን ሰው አለ ማለት ነው። የሰጠውን መልሶ ወሰደው» ስትል ሰማሁ። በመጀመሪያው ጠዋት ካህኑን ያቋረጥኩት እኔ እንደ ሆንኩ ሁሉም ያውቃል። እታለም ወደ ሴትዮዋ ዞሩ።

«አንቺ! የወንድሜን ሚስት እምነት የምትሰፍሪበት ቁና ማን ሰጠሽ? ኪኒኑንና ጸበሉን ባንድ ጽዋ የምታጠጣ ሴት ናት። እስቲ አንቺ አንዱን እንኳ በወጉ ጠጪ!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ሌላ ቦታ ሄደች። እኔ ባለቤቴን ክንዱን ይዤ ወደ ማረፊያው መለስኩት። «ውሃ ትፈልጋለህ?» አልኩት። «እንትን» አለኝ። የውሃዋ አልነበረችም፤ የቁጣዋም አልነበረችም። የማላውቃት ሌላ ነበረች።

ሱባዔያችንን ጨርሰን ስንመለስ ቪዲዮው ከእኛ ቀድሞ ደብረ ታቦር ገብቷል። የዘመረበት ነው ያለው፤ ማይክሮፎን የያዘበት ተቆርጧል። ሰዎች ቤት ድረስ እየመጡ «እስቲ ጥቂት ያሰሙን» ይሉታል። አንዳንዱ የታመመ ልጅ ይዞ ይመጣል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔ ለመጣው ሁሉ መቀመጫ እሰጣለሁ፤ «ደክሞታል» እላለሁ። አልፈርድባቸውም። ልጁ የታመመበት ሰው የትም ይሄዳል፤ እኔም ሄጃለሁ።

በቀጠሮው ሆስፒታል ስንሄድ እታለምም አብረውን መጡ። ፊዚዮቴራፒ የምታሠራው ልጅ እግሩን እያሳሳበች ጸበል ላይ የሆነውን ነገርኳት። አልሳቀችም።

«እማማ፣ ይኼ በዚህ ሕመም የሚታወቅ ነገር ነው» አለችኝ። «ንግግርና ዜማ በጭንቅላት ውስጥ አንድ ቦታ አይደሉም። የንግግሩ ተጎድቷል፤ የዜማው ተርፎላቸዋል።»

«ማን አተረፈው?» አሉ እታለም።

ልጅቷ ፈገግ አለች። «እሱን የሚለካ መሣሪያ የለንም፣ እማማ።»

«ቢኖራችሁም ይሰበር ነበር» አሉ እታለም፤ ሁለቱም ተሳሳቁ።

ልጅቷ ቀጠለችና፣ በሌላ አገር ለእንዲህ ዓይነት በሽተኛ የሚፈልገውን ቃል በዜማ እያስለመዱ፣ በጤነኛው እጁ እያስመቱ እንደሚያናግሩት ነገረችኝ። ጊዜ ይፈልጋል፣ ለሁሉም አይሆንም አለች። «እዚህ ግን ያንን የሚሠራ ሰው የለንም።»

እኔ ዜማ ሥራቸው የሆነ አንድ ሰው አውቅ ነበር። በማግስቱ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አየሁት፤ ልጆች በስልክ አሳዩኝ» አሉ ገና ሳልጀምር።

«ተአምር ነው ይላሉ፣ አባታችን?»

«ሕዝቡ የደነቀውን ተአምር ይላል፤ ይበል፣ ክፋት የለውም። እኔ ግን ይህን ያህል ዘመን ቀድሼ፣ ኅብስቱ ሥጋ ወይኑ ደም ሲሆን ስልኩን ያወጣ ሰው አላየሁም። የዘመረው ከልጅነቱ የያዘውን ነው። ከንፈሩ ለምዶት ይሆናል። ደስ ብሎኛል፤ ግን እኔ የምፈልገው ያልለመደውን ነው። የራሱን ቃል።»

ልጅቷ ያለችኝን ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና «ጥያቄውንም በዜማ?» አሉኝ።

«በዜማ።»

«መምህሬ በሕይወት ኖረው ይህን ቢሰሙ አለንጋቸውን ያነሡብኝ ነበር» አሉ። ግን ተነሥተው ጥላቸውን ያዙ።

ሐምሌን በሙሉ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ ጠዋት ሁሉ መጡ። «ውሃ» የሚለውን በቅዳሴ ዜማ ሲስቡት መጀመሪያ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ነበር። «ዳቦ»ን ደግሞ እንደ ዲያቆን አዋጅ ያወጡታል። ባለቤቴ በግራ እግሩ ወለሉን እየመታ ይሞክራል። ብዙ ቀን አይሆንም። «ውሃ» ወጣች፤ «ዳቦ» ወጣችና ጠፋች። እንቢ ሲለው ይናደዳል፤ አባታችንም ይናደዳሉ፤ ሁለት የቆሎ ተማሪዎች በአንድ ጎጆ የሚጣሉ ይመስላሉ። በማግስቱ እንደገና ይመጣሉ። እኔ ያንን መምጣታቸውን ስመለከት ስለ ተአምር ማሰብ አቁሜ ነበር።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጥላቸውን በር ላይ አቆሙና «ዛሬ እጠይቀዋለሁ» አሉ። «አንቺም ተቀመጪ፤ ይኼ የአንቺም ነው።»

ተቀመጥኩ። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ነው፤ እግሩ ቀስ ብሎ ይመታል። አባታችን ዜማውን አነሡ።

«ይህችን ሚስትህን ትፈልጋታለህ?»

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ድሮው።

አባታችን በዚያው ዜማ «ልትፈታትስ ትፈልጋለህ?» አሉት።

አንገቱ መነቅነቅ ጀመረ። ከዚያ ቆመ። እግሩም ቆመ። እኔን አየኝ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እግሩ እንደገና መምታት ጀመረ፤ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ።

«አል» አለ። ዜማው ወደቀ፤ መልሶ አነሣው። «አል፣ ፈ፣ ልግም።» የመጨረሻዋን እንደ ዲያቆን ሳባት።

አባታችን ዜማውን ትተው በንግግር «ልድገምልህ?» አሉት።

«እንትን!» አለ፤ የቁጣዋን።

«በቃ፣ በቃ፤ ሰምቻለሁ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

አባታችን ወደ እኔ ዞረው «እንግዲህ ኃጢአቱ የእሱና የእኔ ነው፤ ውጪልን። የአንቺን ነገ እሰማለሁ» አሉኝ።

ውጭ ዝናብ ነበር። ወደ ጓዳ ገባሁ። የጓዳው ግድግዳ ግን ስስ ነው፤ ዜማው ያልፋል። አባታችን ሲጠይቁ እሱም ቁርጥራጭ ሲመልስ ድምፁ ይሰማኛል። ቃሉን እንዳልሰማ ሙቀጫዬን አወጣሁ፤ አሞሌ ጨው ሰብሬ ጨመርኩበትና መውቀጥ ጀመርኩ። የሰው ኃጢአት፣ የባልም ቢሆን፣ የሚሰማው ካህኑ ነው። ከዘነዘናው ድምፅ በላይ ዜማው ብቻ ይመጣል፤ ቃል የለበትም።

ጥቂት እንደ ወቀጥኩ፣ ረብሼያቸው ይሆናል ብዬ ቆምኩ። ዜማውም ቆመ። ጠበቅሁ፤ አልቀጠለም። የአባታችን ራስ በመጋረጃው በኩል ብቅ አለ።

«ምነው አቆምሽ?»

«ረበሽኳችሁ ብዬ ነው፣ አባታችን።»

«ኧረ ቀጥይ! በአንቺ ምት ነው የሚሄድ። መሐል መንገድ ላይ ቆመብን።»

ቀጠልኩ። ዜማውም ቀጠለ። ሲፈጥን እንዳይደናቀፍ ቀስ አልኩ፤ ሲደክም ጠንከር አድርጌ መታሁለት። ጨው ጠንካራ ነው፤ ግን ያልቃል። ዱቄት ሆነ። በጣሳ ገለበጥኩት። ከአሞሌው የቀረ አልነበረኝም፤ ከውስጥ ደግሞ ዜማው አላለቀም። ባዶውን ሙቀጫ ወቀጥኩ። የባዶ ሙቀጫ ድምፅ ከፍ ያለ ነው፤ ክንዴ ቢዝልም አላቆምኩም።

በመጨረሻ አባታችን ሲያሳርጉ ሰማሁ። መጋረጃውን ገልጠው ወጡ፤ ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለፍልሰታ ነጭ ልብሳችሁን አጥበሽ አቆዪ» አሉኝ። ወደ ሙቀጫው አጎንብሰው አዩና «ምን ነበር የምትወቅጪው?» አሉ።

«ጨው ነበር።»

ባለቤቴ በተከፈተው መጋረጃ በኩል በግራ እጁ ወደ ባዶው ሙቀጫ ጠቆመ።

«እንትን» አለ፤ በግራው አፉ እየሳቀ።